በማኅተም የጠራው ወንዝ

የአገርን ክብር ከሚያስጠብቁ ታላላቅ ተቋማት መካከል፣ ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ የሚገኘው መሥሪያ ቤታችን በቀዳሚነት ይጠቀሳል። የሚጠቅሰው እርግጥ ራሱ ነው። ሥራችን ወንዝ ማጽዳት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ወንዙ ተሰብስበናል፤ ወንዙም በበኩሉ ታግሦናል። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ሉዋም የምትባል የኬሚስትሪ ተመራማሪ፣ በአዳራሻችን በተጠሩ እንግዶች ፊት ልታስፈትነው፣ ከስድስት ኪሎ ማጣሪያዋን ይዛ መጣች። ማጣሪያው የእንሰት ቃጫ ነው። ቃጫው በጋማ ጨረር ከተመታ በኋላ ኬሚካል ይጨመርበትና፣ ክሮሚየም የሚባለውን መርዘኛ ብረት ከውሃ ውስጥ እየለቀመ ያስቀራል። አራት ዓመት ለፍታበታለች። ፈተናውን ካለፈ ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ይተከላል። እዚያ ወይዘሮ አክበረት በወንዙ ውሃ ሰላጣ ያበቅላሉ፤ ሰላጣውን ሰፈሩ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ እንበላለን። ከወደቀ ግን ምርምሩ ይዘጋል።

ሰብሳቢያችን አቶ ሉልሰገድ «ጨረር» ሲባል ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«ኒውክሌር ነው እንዴ?»

«ቃጫው ላይ ጨረር አይቀርም፤ ራጅ እንደተነሣ ሰው ማለት ነው» አለች ሉዋም።

«እኔ ራጅ ተነሥቼ አላውቅም» አሉ በኩራት። ወንበሩም እዚያው ቀረ።

የወንዙ ናሙና በጀሪካን፣ ክዳኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ ክብ ማኅተም አርፎበት ቀርቧል። ሉዋም በውሃው ውስጥ ያለውን ክሮሚየም በመለኪያዋ ለካች። ዜሮ። በማጣሪያው አሳልፋ እንደገና ለካች። ዜሮ።

አቶ ሉልሰገድ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። «በሳይንስ ፊት አድልዎ የለም! ሲገባ ዜሮ፣ ሲወጣም ዜሮ። ስለዚህ ማጣሪያው ያመጣው ለውጥ የለም። በአንጻሩ ወንዛችን ንጹሕ መሆኑ ዛሬ በኬሚስትሪም በኒውክሌርም ተረጋግጧል!»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሉዋም ጀሪካኑን አንሥታ አሸተተች።

«ይሄ እኮ የወንዝ ውሃ አይደለም!»

«እንዴት ይሆናል?» አለ የፕሮቶኮል ኃላፊው እምሩ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ይሄን ሁሉ እንግዳ ጠርተን ቆሻሻ ውሃ ልናቀርብ ነው? ነውር አይደለም እንዴ? ጠዋት ደፍቼው፣ የታሸገ ውሃ ሞልቼ ነው ያሳተምኩት።»

የእምሩን ጨዋነት ሳላደንቅ አላልፍም። ቤቱ እንግዳ ሲመጣ የተዝረከረከው ሁሉ አልጋ ሥር ይገባል፤ ወንዙንም ያስተናገደው በዚሁ ደንብ ነው።

«ጋሽ ሉልሰገድ፣ ሰምተዋል አይደል?» አለች ሉዋም።

«ሰምቻለሁ ልጄ። ግን ወረቀቱ የወንዝ ናሙና ይላል። ማኅተም ያረፈበት ነገር ደግሞ አይሻርም።»

ሉዋም አልጮኸችም። አንድ ባዶ ብርጭቆ አንሥታ ወጣች። ድልድዩ ቅርብ ነው፤ በሩብ ሰዓት ከወንዙ ሞልታው ተመለሰች። ብርጭቆው በበሩ ሲገባ የፊት ረድፍ እንግዶች መሐረባቸውን አወጡ።

«ወንዛችን ንጹሕ መሆኑ ስለተረጋገጠ» አለች በሁለት እጇ እያቀረበች፣ «የመጀመሪያውን እርስዎ ይቅመሱልን።»

እንግዶቹ ለማጨብጨብ ተዘጋጁ። አቶ ሉልሰገድ ብርጭቆውን አዩ፤ በሩን አዩ፤ እኔንም አዩ። እኔ እስክሪብቶዬን አየሁ።

«አንቺ ልጅ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ቢያንስ በዚያ በቃጫሽ አሳልፈሽ አምጪው እንጂ!»

ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ቃለ ጉባኤ ያዥ ሹክሹክታም ቢሆን መመዝገብ ግዴታው ነው። እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «የወንዙ ውሃ ለሰው ከመድረሱ በፊት በሉዋም ማጣሪያ እንዲያልፍ ሰብሳቢው አዘዙ።» ከሥሩ ክቡን ማኅተም አሳረፍኩበት።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ሉልሰገድ ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«ያቺን ነገር ሰርዛት።»

«በወደድኩ ነበር ጌታዬ» አልኳቸው ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ፣ «ግን ማኅተም አርፎበታል።»