እትዬ ወርቄን አውሮፓ ሳዞራቸው

ፎቶ አይዋሽም የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ፎቶ ቤት ሠርተው አያውቁም። እኔ አብነት አካባቢ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በመጋረጃ ሻጭና በሞባይል ጠጋኝ መካከል ተጣብቄ ፎቶ ሳቀናብር ዓመታት አልፈዋል። ሠርግ ላይ ያልተገኘ አባት ከሙሽሮቹ ጎን አቁሜያለሁ። ከረባት ለሌለው ከረባት አስሬያለሁ። ለሽማግሌ ያስቸገሩ ሁለት ወንድማማቾችን ትከሻ ለትከሻ አድርጌ በግማሽ ሰዓት አስታርቄያለሁ። ታዲያ ይህ ውሸት ነው? እኔ ውሸት አልለውም። በእኛ ሰፈር ከቤተሰብ ፎቶ ላይ ሰው ከጎደለ ይሞላል እንጂ ጎድሎ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።

ጋሽ ደግፌም የመጡት ይህንኑ ስለሚያውቁ ነው። ጋሽ ደግፌ ከሕንፃው ሥር ከባለቤታቸው ከእትዬ ወርቄ ጋር ብርድ ልብስ በጅምላ ያከፋፍላሉ። ሚላኖ የምትኖረው ልጃቸው አስቴር የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ባልና ሚስት አንድ ላይ ቪዛ ጠየቁ። ለእሳቸው ተፈቀደ፣ ለእትዬ ወርቄ ተከለከለ። ሁለቱም ከሄዱ አይመለሱም ተብሎ ይሆናል። እስቲ አስቡት፣ አራስ ለመጠየቅ ሴት አያት ቀርታ ወንድ አያት ሲሄድ። ጋሽ ደግፌ ገንፎ ማገንፋት ቀርቶ ውሃ አፍልተው አያውቁም። አራሷ ራሷ እያበሰለች ስታበላቸው ሰነበተችና ሲበቃት መሰለኝ፣ ባሏ ይዟቸው እንዲዞር አደረገች። በዚህ ዓይነት ሮማን፣ ጄኔቫንና ፓሪስን አይተው ስልካቸውን በፎቶ ሞልተው ተመለሱ።

እትዬ ወርቄ ግን አንዱንም አላይም አሉ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። እኔ የሌለሁበትን ምን ብዬ አያለሁ ብለው ብቻ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ስለ ልጅ ልጃቸው የሚያወራ ጠፋ። ጋሽ ደግፌ አንገታቸውን ደፍተው ይህን ሲነግሩኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር እንዲህ ዝም ብላኝ አታውቅም አሉኝ። ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ እሳቸው የቆሙበት ሁሉ እትዬ ወርቄም ይቁሙ።

አቆምኳቸው። ጋሽ ደግፌ ስልካቸውን በርብረው በርብረው ባለቤታቸው ሙሉ ቁመናቸው የሚታይበት አንድ ፎቶ ብቻ አገኙ፤ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው፣ እጃቸውን አጣምረው። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ አውሮፓን አዞርኳቸው። ፀሐይዋ ከግራ ስትሆን ጥላቸውን ወደ ቀኝ ጣልኩ። ጄኔቫ ላይ በረዶ ነበርና ጫማቸው ጫፍ ላይ ትንሽ በረዶ ነሰነስኩ። ይህንን ማንም አላዘዘኝም፣ የሙያ ፍቅር ነው። ፓሪስ ላይ ማማው ሥር አንድ ቱሪስት አላስጠጋ ቢለኝ ከነሻንጣው አጠፋሁት። አንድ አገር አትገቢም የተባሉትን ሴት እኔ ሦስት አገር አስገባኋቸው፣ ያውም ያለ ቃለ መጠይቅ። እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም።

ጋሽ ደግፌ ደግሞ ከደስታቸው ብዛት ለባለቤታቸው ከማሳየታቸው በፊት ለመርካቶ ጎረቤት ሁሉ አሳዩ፤ ቀጥለውም ያቀናበርኩትን ፎቶ ሁሉ የቤተ ዘመዱ ቴሌግራም ላይ ለቀቁት። ቡታጅራ ያለው ዘመድ እትዬ ወርቄ መቅረታቸውን አያውቅም። ቪዛ መከልከል ማንስ ለዘመድ ያወራዋል?

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ከቡታጅራ መጥቶ እነ ጋሽ ደግፌ በር ላይ ለቅሶውን አቀለጠው። ነገሩ እንዲህ ነው። ያ አንድ ለእናቱ የሆነው ፎቶ የተነሳው ለካ የአንድ ዘመድ ቀብር ላይ ኖሯል። እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። እኔ ጥላ ሳስተካክልና በረዶ ስነሰንስ ጥለቱ አንገታቸው ላይ መዋሉን ልብ አላልኩም። ዘመድ ግን ልብ ይላል። አራስ ልጇን ልትጠይቅ የሄደች እናት ፓሪስ መሀል ሐዘን ለብሳ ከቆመች ምን ይባላል? ሕፃኑን አንድ ነገር አግኝቶታል ይባላል። ይባስ ብሎ በሩን የከፈቱት እትዬ ወርቄ ራሳቸው ናቸው። ግማሹ ለቀስተኛ ማልቀሱን ትቶ መቼ ተመለሽ ማለት ጀመረ አሉ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ወርቄ ደረጃውን ወጥተው ስቱዲዮዬ በር ላይ ቆሙ። እኚህ ሴት መርካቶ ውስጥ ፊታቸው ሲፈታ ያየ የለም። እሳቸው ዘንድ ዋጋ ሊከራከር የሚሄድ ነጋዴ ቀድሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ይቅርታዬን ልጀምር ስል፣ ክፈተውና ልየው አሉኝ።

ከፈትኩት። ሮማን ጨረፍ አድርገው አዩ። በረዶውንም ጨረፍ አድርገው አዩ። ማማውንም እንደ መብራት እንጨት አልፈውት ሄዱ። መጨረሻ ላይ የአስቴር ሳሎን መጣ። ጋሽ ደግፌ ሕፃኑን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ እትዬ ወርቄ እጃቸውን አጣምረው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከኋላ ቆመዋል። እዚህ ላይ ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው፣ ምነው አንገቱን አልደገፈውም አሉ።

ቀጠል አድርገው ሌላውን ሁሉ አጥፋው አሉኝ። ፓሪስ ምን ያደርግልኛል፣ ይልቅ ልጁን አሳቅፈኝ። እኔም የተጣመረ እጅ ልጅ እንደማይታቀፍ፣ አዲስ ፎቶ መነሳት እንዳለባቸው አስረዳሁ። ወረዱና ከሱቃቸው አንዲት የሕፃን ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። ጠቅልለው፣ አጥፈው፣ ተቀምጠው ታቀፏት። እንዴት እንደሚይዙ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ አላስፈለገም። ቀኝ እጃቸው የሌለውን አንገት ደግፏል። ክንዳቸው ላይ ያለው ባዶ ጨርቅ መሆኑን እያወቅኩ፣ ወደዚህ ይዩ ስል ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ፎቶውን ካነሳሁ በኋላም ቶሎ አላወረዷትም። አንጀቴን በሉኝ። የዚያን ዕለት ለሌላ ደንበኛ መሥራት አልቻልኩም።

ሕፃኑን ክንዳቸው ላይ አኖርኩላቸው። ፎቶው ለአስቴር ተላከ። አስቴርም ፎቶው እንዴት እንደተነሳ ከአባቷ አጣርታ በዚያው ሳምንት ደወለች፤ እናቴ ጨርቅ ታቅፋ ከምትቀመጥ እኔው ይዤው እመጣለሁ ብላ። ቃሏንም ጠበቀች። ክረምቱ ሲወጣ ልጁን አዝላ ከች አለች።

እኔም ካሜራዬን ብቻ ይዤ እንድወርድ ተጠራሁ። የሚጨመርም የሚቀነስም የለም ተባልኩ፤ እውነቱን ለመናገር በሙያዬ ትንሽ ቅር ብሎኛል። እትዬ ወርቄ ሱቃቸው ውስጥ፣ በተከመረው ብርድ ልብስ ፊት፣ ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ። ልክ ላነሳ ስል ልጁ አፍንጫቸውን ጨምድዶ ያዘ፣ እሳቸውም እስከ መንጋጋቸው ድረስ ሳቁ። አንዲት ነጥብ ሳልነካ በትልቁ አትሜ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩላቸው።

የመርካቶ ሰው እኮ ያንን ሁሉ አውሮፓ አይቶ አንድ የጥርጣሬ ቃል አልተናገረም። እትዬ ወርቄ ከሱቃቸው ንቅንቅ እንዳላሉ እያወቀ፣ በረዶው ተስማምቷቸዋል ብሎ ነው ያለፈው። ይህንን ግን አይቶ ዝም ያለ የለም። በቀደም ከእነሱ ቀጥሎ አንሶላ የሚሸጠው ጎረቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ፣ በሩን ከኋላው ገጠም አድርጎ ጠጋ አለኝ። ሌላው ይሁን፣ ጥርሱን ግን የማንን ነው የገጠምክላቸው አለኝ።