የማይረገጠው ሜዳ

አንዲት አገር ታላቅ ዓለም አቀፍ ውድድር ለማስተናገድ ብቁ የምትሆነው ስታዲየም ሲኖራት ነው ብለው የሚያስቡ የዋሆች ጥቂት አይደሉም። አቶ ተክለብርሃን ከእነዚህ ወገን አልነበሩም። የአስተናጋጅነት ዝግጁነት ዐቢይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው በተሾሙ ማግስት፣ ቦሌ በሚገኘው መሥሪያ ቤታቸው አዳራሽ ቆመው «ብቁነት የአመለካከት ጉዳይ ነው!» ሲሉ ጭብጨባው ታችኛው ፎቅ ድረስ ተሰማ። ስታዲየሙ በሂደት የሚመጣ ነገር ነው።

በሂደት እስኪመጣ ግን የአህጉራዊው የእግር ኳስ ማኅበር መርማሪ ሊመጡ ሆነ፤ የሚታይ ሜዳም ተፈለገ። የተገኘው ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ያለው አቧራማ ሜዳ ነበር። አቶ ተክለብርሃን ሣር አስነጠፉበት፤ ዙሪያውን አሳጠሩት፤ በር አስገጠሙለትና ቁልፉን ራሳቸው ያዙት። ሥራቸውን ቆመው ሲያዩት እንባቸው መጣ። እንዲህ ያለ ንጹሕ የስፖርት ማዘውተሪያ በሕይወታቸው አይተው አያውቁም፤ አንድም ሰው የለበትም።

ሸዋዬ የመጣችባቸው ይሄኔ ነው። ሸዋዬ የሰፈሩን ሴት ልጆች ቡድን የምታሠለጥን፣ ወዲያ ወዲህ የማትል ሴት ናት። ልጆቿ ከስንት ሽንፈት በኋላ ለፍጻሜ ደርሰው፣ እሑድ ከየካ አባዶ ቡድን ጋር ሊጋጠሙ ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ሜዳውን ያስከፍቱልን።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ልንጫወትበት ነዋ!»

«በታኬታ?» አቶ ተክለብርሃን ደረታቸውን ያዙ። «ሸዋዬ፣ ይሄ እኮ የኳስ ሜዳ ነው። ኳስ ከተጫወታችሁበት ይበላሻል።»

«ታዲያ የት እንጫወት?»

«ለአገር ገጽታ ስትሉ ትንሽ ታገሡ። በኋላ የስፖርት ቀን እናዘጋጅላችኋለን፤ ከነቲሸርቱ።»

ሸዋዬ ሌላ ሜዳ ስትፈልግ ሰነበተች። አላገኘችም።

እሑድ መርማሪዋ የሚመጡበትም ቀን ነበርና ለእንግዳዋ ክብር ሲባል ወደ አራብሳ የሚወስደው መንገድ ከማለዳ ጀምሮ ለመኪና ተዘጋ። ያላለቁት ሕንጻዎች ፈገግ ያሉ ሰዎች ፎቶ ባለበት ባነር ተሸፈኑ። የየካ አባዶ ልጆችና ዳኛው ሚኒባሳቸው እንዳያልፍ ስለተከለከለ ቀሪውን በእግራቸው መጡ። ሸዋዬ ልትቀበላቸው ወጣችና ግራ ቀኙን አየች። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ተጠርጎ የታጠበ፣ አንድም መኪና የሌለበት አስፋልት ተዘርግቷል። ወዲያው በድንጋይ ጎል ሠራች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

የእንግዳዋ መኪኖች ሲደርሱ ጨዋታው ተጋግሎ፣ የሰፈሩ ሰው ከየበረንዳው ይጮኻል። አቶ ተክለብርሃን ላብ አጠመቃቸው። «አስነሷቸው!» ብለው ሳይጨርሱ መርማሪዋ ከመኪናቸው ወርደው ከሕዝቡ ጋር ማጨብጨብ ጀመሩ።

«ምን እያሉ ነው?» አሉ አቶ ተክለብርሃን፣ አስተርጓሚውን አሌክስን።

«‹ግሩም ነው፤ ማነው ያዘጋጀው?› ይላሉ።»

«ኮሚቴው በላቸው!»

«‹እንግዲያው ሁለተኛውን አጋማሽ ሜዳው ላይ ልየው› ይላሉ።»

አቶ ተክለብርሃን ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨበጡት። «ሣሩ እንደሚረገጥ አስረዳቸው።»

አሌክስ አስረዳ። «‹ውድድሩን ብንሰጣችሁ ተጫዋቾቹ ምን ላይ ሊሮጡ ነው?› ይላሉ።»

አቶ ተክለብርሃን ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ይበልጥ ወደ ታች ገፉት። «እሱ በምዕራፍ ሁለት የሚታይ ነው በላቸው።»

ሁለተኛው አጋማሽም አስፋልቱ ላይ ሆነ። የሸዋዬ ቡድን አጥቂ ኢሊሊ ወድቃ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ እያነከሰች የማሸነፊያዋን ጎል አገባች። ጓደኞቿ ተሸክመዋት ሲጨፍሩ ደሟ የሸዋዬን እጅጌ ነካ፤ ሸዋዬ ግን ከደስታዋ ብዛት አላየችውም። እንግዳዋ ሁለቱንም ቡድኖች አንድ በአንድ ጨብጠው ሄዱ።

ውድድሩ ለሌላ አገር ተሰጠ። ኮሚቴው ባደረገው ጥልቅ ግምገማ፣ ችግሩ በአገሪቱ ውስጥ ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች መኖራቸው መሆኑን በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ። ማኅበሩ ግን ባዶ እጃችንን አልተወንም። «አንዳንድ አገሮች ውድድር ለማስተናገድ ብቁ የማይሆኑት ለምንድን ነው?» በሚል ርዕስ የሚካሄደውን ታላቅ ጉባኤ እንድናስተናግድ መረጠን።

አቶ ተክለብርሃን ሸዋዬን መንገድ ላይ ሲያገኟት ቂም አልያዙባትም።

«ሰማሽ? ጉባኤውን አገኘነው!»

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ» አለች ሸዋዬ። «በስብሰባ የሚችለን የለም፤ ርዕሱንም ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም።»

አቶ ተክለብርሃን ልባቸው ተነካ። አነጋገሯን ወደዱትና የመክፈቻ ንግግራቸው ውስጥ አስገቡት።