ቆይ፣ ገና አልገባም!

በየከተማው አንድ «ቆይ» የሚል ሰው አለ። መኪና ሊነሳ ሲል ቆይ ይላል። የታሰረ ሻንጣ አስፈትቶ እንደገና ያያል። የቆለፈውን በር ሦስቴ ይነቀንቃል። የእናንተን ከተማ አላውቅም፤ የእኛ የመርሳው ግን ክቡር አቶ ፈንታው ናቸው፦ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ የሰው ትዕግስት ጨራሽ።

እኔ አስፋልቱ ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተሬ አሮጌ ነበረች። ዊንዶውስ ስለከበዳት ጋሼ ፈንታው ሊኑክስ የሚባለውን ጫኑላት። ከዚያ ወዲያ የእኔ ናት ማለት አልቻልኩም። ጠዋት ሳይጠሩ ይመጡና ደጃፌ ላይ ባለችው ዱካ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብለው «እንዴት አደረች?» ይላሉ። እኔን አይደለም፣ እሷን ነው።

አንድ ሰሞን ሜሞሪዋ ሁልጊዜ ሞልቶ ሳየው ጨነቀኝ። አንድ ደንበኛ ሜሞሪ የሚያራግፍ ትእዛዝ አሳየኝ። እኔም ጠዋት ጠዋት ቤቱን ስጠርግ እሷንም እጠርጋት ጀመር። ባዶ ሆኖ ሳየው ደስ ይለኛል፤ ኮምፒውተሯ ግን ጭራሽ ተጎተተች። ጋሼ ፈንታው ያዙኝ።

«ምን አደረግሻት?»

«አጸዳኋት ጋሼ። ሞልቶ ነበር።»

«ይሞላላ! አንቺ የማመልከቻ ናሙና የት ነው የምታስቀምጪው? ሰው በመጣ ቁጥር ጓዳ ገብተሽ ትፈልጊያለሽ?»

«ኧረ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።»

«ታዲያ የሷን ጠረጴዛ ምን አድርጊ ብሎሽ ነው የምትጠርጊው?»

ከዚያ ግማሽ ቀን አስተማሩኝ። ማሽኗ ውስጥ ከርነል የሚባል አለ፤ እሳቸው «ዕቃ ቤት ኃላፊው» ነው የሚሉት። ዲስኩ ጓዳ ነው፣ ሜሞሪው ጠረጴዛ። ኃላፊው ከጓዳ ያመጣውን ነገር፣ መልሰው ቢጠይቁኝ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያቆየዋል። ቦታ ሲጠበው ራሱ ያነሳል፤ ብዙ ጊዜ ማንም ያልነካውን መርጦ። ምንም ያልተጻፈበትን ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ ጓዳ ውስጥ ሌላ አለዋ። አዲስ የተጻፈበትን ግን አይጥልም። መጀመሪያ ጓዳ ያስገባዋል።

«ችግሩ ምን መሰለሽ» አሉኝ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ቀስ ብሎ ነው የሚያስገባው። ስክሪኑ አለቀ ይልሻል፣ ነገሩ ገና ጠረጴዛ ላይ ነው። መብራት ከሄደ አብሮ ሄደ። ስክሪኑን እንዳታምኚ። ‹ገብቷል ወይ?› በይ።»

አንዲት አጭር ትእዛዝም አስያዙኝ። እሷን ጽፈሽ ትጠብቂያለሽ፤ ያልገባው ሁሉ እስኪገባ መልስ አትሰጥም።

ከዚያ ወዲያ የሰው ፍላሽ በሰላም ነቅዬ አላውቅም። እጄን ስዘረጋ ከበሩ «ቆይ! ገብቷል ወይ?» ይላሉ። ደንበኛዬ መምህር ግርማ በዚህ «ቆይ» ሁለት ጊዜ የወልድያ መኪና አምልጧቸዋል። የጋሼ ፈንታው ሚስት እትዬ በላይነሽ ደግሞ «እኔን ሲያገባኝ ቄሱ ጨርሰናል ሲሉ ‹ቆዩ› ያለ ሰው ነው፤ አንቺ ምንሽ ተነካ!» ይሉኛል።

በዚያው ዓመት ሸህ ኡበይደላ ከጎረቤታችን ከግራና ወደ ሱቄ ይመጡ ነበር። አርባ አንድ መንዙማ ከራሳቸው ያወጡ ሰው ናቸው፤ አንዱም ወረቀት ላይ የለም፣ ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ። ዓይናቸው እየደከመ፣ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። «ልጄ ሉብና፣ ከእኔ ጋር አፈር እንዳይገባ» አሉኝ። አምስት ወር በስልኬ ቀዳሁላቸው። ስልኬ ሲሞላ ኮምፒውተሯ ላይ እገለብጥና ከስልኩ አጠፋለሁ። አስራ ሰባተኛውን እያሉ ድምፃቸው ልብ የሚያርድ ቦታ ላይ ደርሶ፣ አንዲት ደንበኛ ፍላሿን ልትወስድ እጇን ሰደደች።

«ቆይ! አትንቀዪው!»

«ጋሼ! አበላሹት እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ሸሁ እንደምንም ጨረሱት፤ ደክሟቸው ስለነበር ሌላ ቀን እንድገመው ተባባልን። የቀሩትን ሁሉ ቀድተን ጨረስን፤ እሱን የምንደግምበት ቀን ግን አልመጣም። የመጣው ነሐሴ 2013 ነው።

ጦርነቱ ደረሰ፤ የከባድ መሣሪያው ድምፅ በወልድያ በኩል ቀረበ። ስልክ የለም፣ መብራት የለም። ሾፌሩ ኤፍሬም አይሱዙ መኪናውን ደጃፌ ላይ አቁሞ ሰው ወደ ደሴ ይጭናል። ኮምፒውተሯን ልጫን ብዬ ብጠይቀው «ለሰው እንኳ ቦታ አጣሁ፣ ብረት ልጫን?» አለ። ዲስኳን እንፍታ ብል ጋሼ ፈንታው «አርጅታለች፣ በዚህ መንገድ ተናውጣ ትሞታለች» አሉ። ከጎረቤት ጀነሬተር ለመንን፤ ነዳጁ የአንድ ውሃ ኮዳ ያህል ነው። አርባ አንዱን ድምፅ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ጀመርን።

ስክሪኑ አለቀ አለ። እጄን ሰደድኩ።

«ቆይ! ገና አልገባም!»

«ጋሼ፣ በአላህ! አለቀ ይላል!»

«ይበላ! መብራቷን እያት፣ ትጽፋለች።» እውነትም የፍላሿ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ትእዛዟን ጻፉ። ዝም።

ኤፍሬም ጥሩንባውን ነፋ። «ሉብና፣ ጥለሽው ነይ! ጋሼ፣ እርስዎ ሰውዬ ያስፈጁናል!» እትዬ በላይነሽ ከመኪናው ላይ ሆነው «ፈንታው! ዛሬ እንኳ!» ይላሉ። ጀነሬተሩ ሳል ጀመረው። ሦስቴ እጄን ሰደድኩ፣ ሦስቴ መቱኝ። አለቀስኩ። ያ አላህ፣ የሽማግሌው ዕድሜ እኮ ነው እዚያች ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው።

«ገባ! አሁን ንቀዪ!»

ነቀልኩ። ደጃፉን ሳንሻገር ጀነሬተሩ ጠፋ።

ውርጌሳን ስናልፍ ጋሼ ፈንታው ጭናቸውን መቱ። የሠላሳ ዓመት የመሣሪያ ቦርሳቸውን፣ የመበየጃ ካውያውን ሁሉ፣ ሱቄ ወለል ላይ ረስተውታል። የቆለፉትን በር ሦስቴ የሚነቀንቁት ሰው!  እሳቸው ግን «የሸሁ ገብቷል» አሉ።

ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ሱቄ ውስጥ ኮምፒውተርም ቦርሳም አልነበረም። ፍላሿን ይዤ ግራና ሮጥኩ። ሸሁን በሕይወት አገኛቸዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። አልሃምዱሊላህ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ጭራሽ ጠፍቷል። «ግማሹ ከራሴ ወጥቷል ልጄ» አሉኝ፣ «ብፈልገው አላገኘውም።»

በተዋስኩት ላፕቶፕ አንድ በአንድ ከፈትኩላቸው። አርባ አንዱም አለ። እያንዳንዱ ሲከፈት ከደረቴ ድንጋይ የተነሳ ይመስለኛል። እሳቸው እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ አብረው ያንጎራጉራሉ። አስራ ሰባተኛው ልብ የሚያርደው ቦታ ደረሰ።

«ቆይ! አትንቀዪው!» አለ ላፕቶፑ።

አፈርኩ። «ይቅርታ ሸህዬ፣ እቆርጠዋለሁ።»

የፍላሿን ታሪክ ነግሬያቸው ነበርና ከት ብለው ሳቁ። «ወላሂ እንዳትነኪው! እሱ ሰውዬ ባይኖር እኔስ የት እገኝ ነበር?»

አልቆረጥኩትም። ድምፁ ከስልክ ስልክ ተላልፎ ከሐራ እስከ ውርጌሳ ደረሰ፤ ወጣቱም መንዙማውን የተማረው ከዚያው ነው። አሁን ሸሁ ቤት ሰው ሲሰበሰብ፣ አስራ ሰባተኛው ላይ ያ ቦታ ሲደርስ የከበሮው የድቤው ምት ቀጥ ይላል፣ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞሮ ይጠብቃል። በሩ ጋ ክቡር አቶ ፈንታው ተቀምጠዋል፤ ሸሁ ሳይጠሯቸው ቀርተው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አይቸኩሉም።