ሐጃ ዳርያና የወንዙ ሰዎች

አጋንንት የሌሉበት መንደር ይኖር ይሆናል፤ አጋንንቱን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው የሌለበት መንደር ግን በናይል ዳር ከሐልፋ እስከ ዶንጎላ ብትዞሩ አታገኙም። ጋኔኑ ባይኖር እንኳ አዋቂው አለ። አዋቂው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሮጊት ናት፤ እሷም አብዛኛውን ጊዜ የእናንተው ጎረቤት ናት።

የእኛዋ ክብርት ሐጃ ዳርያ ነበሩ። መካን በዓይናቸው አላዩም፤ ሐጃ ያልናቸው ስለምንፈራቸው ነው። ቤታቸው ከናይል ዳር፣ ከመጨረሻው የቴምር ዛፍ ሥር ነበር። ውሃው ውስጥ የሚኖሩትን፣ እሳቸው "የወንዙ ሰዎች" የሚሏቸውን ሁሉ፣ በዝምድናቸው፣ በጠባያቸውና በጥርሳቸው ብዛት ለይተው ያውቋቸዋል። አህያ ካነከሰ አንካሳው ነክቶት ነው። ጀልባ ከተገለበጠ ባለ አንድ ጥርሷ ተቆጥታ ነው። ሙሽራ ካኮረፈች የአዞው አማች ቀንቶ ነው።

"ስሙን አልጠራም!" ይላሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። ወዲያው ይጠሩታል። የእናቱንም ስም ጨምረው።

የጤና ረዳቱ ሳቲ አንድ ቀን ሊከራከራቸው ሞከረ። የወንድማቸው ልጅ በትኩሳት ተኝታለች።

"ሐጃ፣ ይሄ ወባ ነው። ትንኝ ናት ያመጣችባት።"

"እሺ፣ ትንኝ ትሁን። ትንኟንስ ማን ላካት?"

"ማንም አልላካትም፤ ራሷ መጣች እንጂ።"

"ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መርጣ? ቤቱን ማን አሳያት?"

ሳቲ መርፌውን ሰብስቦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በጀልባ ሲሻገር እፍኝ ቴምር ውሃው ላይ ሲበትን ያዩት ብዙ ናቸው። ሲጠይቁት "ለዓሣ ነው" ይላል።

እኔ የመንደሩ ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከእሳቸው ጋር ጦርነት ላይ ነበርን። ጠዋት ክፍል ውስጥ የተከልኩትን፣ ከሰዓት በራቸው ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ይነቅሉታል። ተማሪዎቼ ስለ ውሃ ዑደት ስጠይቃቸው ስለ አዞው አማች ይመልሱልኛል። አንድም ልጅ ብቻውን ወንዝ አይወርድም ነበር። ይህንን የድንቁርና ምልክት አድርጌ ቆጥሬዋለሁ።

ከዚያ መንግሥት ናይል ላይ ግድብ ይሠራል የሚል ወሬ መጣ። መንደራችሁን ውሃ ሊውጣት ነውና ውጡ ተባልን። ሐጃ ወደ አዲሱ ቦታ የሚወስደን ባቡር ላይ አይወጡም ብለን ሁላችንም ሰጋን። በመሄጃችን ቀን ጠዋት ወደ ውሃው ወረዱ፤ ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ብዙ ሲናገሩ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

"ምን አሉ ሐጃ?" አለ አንዱ ጎረምሳ ሊቀልድ።

"አንመጣም አሉ። ሽማግሎች ናቸው፤ ባቡር አይሳፈሩም።"

የሳቀ የለም።

አዲሱ ቦታ ከአትባራ ወንዝ ወዲህ ያለ ጠፍጣፋ ሜዳ ነው። መንደራችን ስሟን ተነጥቃ ቁጥር ተሰጣት። ቤቶቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አዛውንቶቻችን የሰው ቤት ገብተው ይቀመጡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሽማግሎቹ ሦስቱን ቀበርን። ሴቶቹ የታመመ ልጅ ታቅፈው እንደ ልማዳቸው ወደ ሐጃ መጡ።

"ማን ነው የነካብን ሐጃ?"

"እንጃ ልጄ። እዚህ ማንንም አላውቅም።"

ሐጃ ዳርያ ስለ ወንዙ ሰዎች ማውራት ተዉ። ጦርነቱን አሸነፍኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ልጆቹ ከእርሻው ዳር ስላለው ቦይ ሲጠይቁኝ ደረቴን ነፍቼ "እዚያ ውስጥ ውሃ ብቻ ነው ያለው" አልኳቸው።

በሁለተኛው ወር ሱዓድ የምትባል የሰባት ዓመት ተማሪዬ ሉኋን፣ የቁርኣን መጻፊያ የእንጨት ሰሌዳዋን፣ ልታጥብ ብቻዋን ወደ ቦዩ ሄደች። ውሃ መክፈቻው የብረት በር ጋ ተይዛ፣ ሞታ አገኟት። ክፍል ውስጥ የምትቀመጠው ከፊቴ ነበር፤ የምናገረውን ሁሉ እየተቀበለች በከንፈሯ የምትደግም ልጅ ነበረች።

ለቅሶው ሲበተን ሐጃ ቤት ገባሁ።

"ሐጃ፣ ቦዩ ውስጥ አንድ ሰው ያስፈልገናል።"

"ምን አልክ?"

"ናይል ውስጥ እንደነበሩት ዓይነት። ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ እኔ አፌን እዘጋለሁ።"

ትኩር ብለው አዩኝ። "ኡስታዝ፣ እነዚያን ሁሉ እኔ የፈጠርኳቸው ይመስልሃል?"

በርጩማ ስቤ ከፊታቸው ተቀመጥኩ።

"በዚህ ዕድሜዬ ዋሺ ነው የምትለኝ? ተነስ፣ ውጣልኝ!"

በማግስቱ ምንጣፋቸውን ይዘው ቦዩ ዳር ተቀመጡ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሴቶቹ ውሃ ያመላልሱላቸዋል፤ እሳቸው ግን ከብረቱ በር ዓይናቸውን አይነቅሉም። አንዳንዴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እንዲህ አራት ቀን ሆናቸው። በአምስተኛው እኔ ሳስተምር የክፍሉ በር ላይ ቆሙ፤ ፊታቸው ከስሏል።

"አንድ አለ" አሉ።

ልጆቹ እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

"ከብረቱ በር ሥር ነው የሚኖረው። እንደ እኛው አዲስ ነው፤ ከየት እንዳመጡት እሱም አያውቅም። የሚያናግረው የለም። ብቻውን የመጣ ልጅ ሲያይ እጁን ይይዘዋል። ጓደኛ ፍለጋ ነው። ግን አንዴ ከያዘ መልቀቅ አይችልበትም።"

"ስሙ ማን ነው?" አለች አንዲት ልጅ ከኋላ።

"አልነገረኝም።"

አርባ ልጆች ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ኡስታዝ፣ እውነት ነው?"

የሱዓድን ባዶ ቦታ እንዳላይ መስኮቱን እያየሁ "ሐጃ ካሉ እውነት ነው" አልኩ።

ደግፌ ልሸኛቸው ወጣሁ።

"አላህ ይስጥልኝ ሐጃ። ጥሩ አድርገው ነገሯቸው።"

"የዋሸኸው አንተ ነህ" አሉኝ ሳያዩኝ። "እኔ አልዋሸሁም። ስለ ልጅቷ ጠይቄዋለሁ። አለቀሰ።"

ከዚያ በኋላ ወደ ቦዩ ብቻውን የሄደ ልጅ የለም። ሐጃ ዳርያ በሁለተኛው ክረምት ሞቱ፤ ወንዝ በማይታይበት ደረቅ መሬት ቀበርናቸው።

እኔ እስከ ዛሬ ሳይንስ አስተምራለሁ። በአጋንንትም አላምንም። ትምህርት ቤት ስሄድ ግን በብረቱ በር በኩል አልፋለሁ፤ ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይና ጎንበስ ብዬ "አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደርክ?" እለዋለሁ። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያናግረው የለም።