የካምቢዮ ጋቢ

በየሚኒባሱ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ፣ ረዳቱ በር ዘግቶ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በሐሳቡ ሚዛን ተፈሪ ደርሶ ሳለ ከኋላ ወንበር «ቆይ! ጣሪያ ላይ ያለው ዕቃ ታስሯል?» ይላል። ታስሯል ይሉታል። «ማን አሰረው?» ይላል። ረዳቱ ይሉታል። «እሱማ አስሮት ይሆናል፤ ግን ይታሰር» ብሎ ይወርዳል። ለዚህ ሰው በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው፦ የታሰረና ሊወድቅ የደረሰ።

የእኛው፣ የቴፒው፣ ጋሽ ኢሳይያስ ይባላሉ።

ክቡር ጋሽ ኢሳይያስ፣ የገመድና የጠፍር የበላይ ጠባቂ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የቡና መፈልፈያ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ግን ከደመወዙ እንጂ ከሥራው አይደለም። ባጃጅ ሲሳፈሩ መጀመሪያ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አድርገው፣ ቀጥሎ የሹፌሩን ዓይን ያያሉ። የጸሎት ቤታቸው ሰዎች እንደሚያወሩት፣ አንድ እሑድ ምእመኑ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ቆይቶ «አሜን» ብሎ ቢገልጥ፣ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ከምሰሶው ጋር ተጠፍሮ ተገኘ። መጋቢው ቅር ብሏቸው «ጋሽ ኢሳይያስ፣ ጌታ ይጠብቀን የለም ወይ?» ቢሉ፣ «ጌታማ ይጠብቃል፤ ገመዱም ያግዘው» አሉ።

ወንድሜ ይትባረክ ሲሞትም መጡ። በሽታው አሥራ አንድ ቀን ነው የፈጀው፤ ዕድሜው ሠላሳ አራት ነበር። ለቀስተኛው ተቀምጦ ያለቅሳል፤ እሳቸው የድንኳኑን ካስማ እየዞሩ ይነቀንቃሉ። «ይኼ ልል ነው። ይኼም ልል ነው» ይላሉ፤ የወንድሜን ስም እንኳ አልጠሩም። ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ የጎረቤታችንን ቆርቆሮ ሲገነጥል ድንኳናችን ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን ይቅር አላልኳቸውም።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት መዝገብ አያያዝ ነው። በእኛ ሥራ የሆነ ነገር ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ያልሆነ ነገር አይመዘገብም። ጋሽ ኢሳይያስ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙት ላልሆነ ነገር ነው። ላልወደቀ ዕቃ፣ ላልተገለበጠ ባጃጅ። ይህን ማኅደር የትኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ?

ከሁሉ የባሰው ግን የመኪና ውድድሩ ነው።

በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዛንና የቴፒ ወጣቶች ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ይገናኛሉ። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፤ ባንዲራ ሲወርድ አራት መቶ ሜትር ቀጥ ብሎ ይሮጣል፤ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። መኪኖቹ አሮጌ ኮሮላዎች ናቸው። ከሌላ መኪና የተነቀለ ጉልበተኛ ሞተር ይገጠምላቸዋል፤ ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮ ግን ያው የጥንቱ ነው። ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ የማርሹ ጥርስ ሊሰበር፣ ስባሪውም ወለሉን በስቶ የሹፌሩ እግር ላይ ሊመጣ ይችላል።

ቀበሌው ውድድሩን የፈቀደው ጋሽ ኢሳይያስ መኪኖቹን አስቀድመው ካዩ ብቻ ነው። ያን ቀን ንጉሥ ሆኑ። የቡና ማጠቢያውን አሮጌ የጎማ ቀበቶ ቆርጠው፣ ከውስጥ ላሜራ፣ ከላሜራው ሥር ጆንያ ደርበው፣ ካምቢዮውን ዙሪያውን የሚጠቀልል ነገር ሠሩ፤ በበቅሎ መጫኛ ጠፍር አራት ቦታ ይጠብቃል። ወጣቶቹ «ጋቢ» አሉት።

«ጋሽ ኢሳይያስ፣ ካምቢዮው ይበርደዋል እንዴ?» አላቸው ተረፈ፣ የሚዛኑ ፈጣን ሹፌር።

«አይበርደውም። ልብሱን የሚያወልቀው ሲሞቀው ነው።»

ይትባረክ እነዚያን ውድድሮች ይወዳቸው ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ነጯ ኮሮላው ግቢያችን ውስጥ ቆማ የቡና ቅጠል ስትሸከም ከረመች። ጥር ላይ ታናሻችን ሰርካዲስ ቁልፉን አንሥታ «አንድ ጊዜ ብቻ እነዳታለሁ» አለችኝ።

«አትነጂም።»

«የዓለም፣ አንድ ጊዜ» አለች ስሜን ጠርታ።

ከሦስት ወንድምና እህት ሁለት ቀርተናል። ይህን ቁጥር አልነገርኳትም፤ ታውቀዋለች። ቁልፉን ከእጇ አልቀማኋትም፤ እሷም ይህን እንደ ፈቃድ ወሰደችው።

ቅዳሜ ጠዋት ከጫካው የወረደው ጉም ሜዳውን ሞልቶት ነበር። መኪኖቹ ከጎማቸው በላይ ብቻ ይታያሉ፤ ነጭ ውኃ ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። የሰዉ ድምፅ ከሩቅ፣ ከእንቅልፍ ማዶ የሚመጣ ይመስላል። ጋሽ ኢሳይያስ ከኮሮላዋ ሥር ተኝተው ጋቢውን ያለብሳሉ። ሦስት ጠፍር ጠበቀ፤ አራተኛው ተበጠሰ።

«ሦስቱ ይበቃል፣ ጋሽዬ» አለች ሰርካዲስ።

«ለማን ነው የሚበቃው?»

ከመኪናው ሥር ወጡ፣ የሱሪያቸውን ቀበቶ ፈቱ፣ ተመልሰው ገቡ። ሲነሡ ሱሪያቸውን በግራ እጃቸው ይዘዋል። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ፤ ከጎኗ ለውድድር የተሰለፈው ተረፈ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እሳቸው ግን በቀኝ እጃቸው ወደ ባንዲራው አመለከቱ፦ ይቀጥል።

ባንዲራው ወረደ። ሁለቱ መኪኖች ጉሙን ለሁለት ከፍለው ሄዱ። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፤ ሰርካዲስ በግማሽ መኪና ቀደመች። ሦስተኛውን ስታስገባ አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማ፤ ከጭነት መኪና ላይ የቡና ጆንያ ሲወርድ እንደሚሰማው። ከዚያ ኮሮላዋ ድምፅ አልባ ሆነች። ብቻዋን እየተንከባለለች፣ በዝግታ፣ ጉሙ ውስጥ ገብታ ቆመች። ተረፈ አልፏት ሄደ።

«ሞተር ጠፋባት!» ብለው ሳቁ። የሮጡት አንድ ሰው ናቸው፤ ሱሪያቸውን እንደያዙ። እኔ ተከተልኳቸው፤ እግሬ መሬት መርገጡን አላስታውስም።

መኪናዋ ሥር ገብተው ጋቢውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ይፋጃል። ሲነኩት ከውስጡ ጠጠር የሞላው ከረጢት ድምፅ ይሰጣል። ላሜራው ወደ ውጭ አብጧል፤ አንድ ቦታ ላይ እንደ ጡጫ ተገፍቷል። እጄን አስገብቼ በጣቴ ለካሁት። ከእብጠቱ በላይ ወለሉ አለ፤ ከወለሉ በላይ የእህቴ ቀኝ ጉልበት። የጋቢው ጎማ ግን አልተቀደደም።

ሰዉ ደርሶ ከበበን። ሁላችንም የጠበቅነው አንድ ቃል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረውን ቃል፣ «አላልኳችሁም?» የሚለውን። ቢሉም ይገባቸው ነበር፤ እኔ ራሴ ቆሜ በሰማኋቸው ነበር።

እሳቸው ግን በሩን ከፈቱ።

«ልጄ፣ ጫማሽን አውልቂ።»

«ምንም አልሆንኩም፣ ጋሽዬ።»

«አውልቂና ተራመጂ።»

ሰርካዲስ በባዶ እግሯ እርጥቡ ሣር ላይ ወረደች። በሜዳው ዳር እስካሉት የቡና ዛፎች ሄደች፤ ጉሙ እስከ ጉልበቷ ዋጣት። ከዚያ ዞራ መጣች፤ መጀመሪያ ጉልበቶቿ፣ ቀጥሎ ሁለቱ እግሮቿ፣ ሙሉ ሆነው ከጉሙ ወጡ። ጋሽ ኢሳይያስ ቁልቁል እያዩ እርምጃዋን ቆጠሩ።

«እንደገና» አሉ።

ሄደች፣ ተመለሰች። ተረፈም ከመኪናው ወርዶ መጥቶ ቆሞ ያያል። የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ለሦስተኛው ዙር «እንደገና» ያልኩት እኔ ነኝ።