የማይናገረው ዘንግ

ሁለት ሐበሻ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ አንድ ዕቃ አስመራጭ አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። ሶፋ ልትገዙ ያሰባችሁ ዕለት፣ ከማን እንደሰማ ሳይታወቅ፣ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ይጠብቃችኋል። ሳሎኑ የእናንተ፣ ሶፋው ላይ የምትቀመጡት እናንተ፤ ፍርዱ ግን የእሱ ነው። ይዞት መሄድ መከራ፣ ትቶት መሄድ ኩርፊያ።

የለንደኗን የዊልስደን ሐበሻ በዚህ በኩል እግዜር አልነፈገውም፤ ክቡር ጋሽ ኪዳኔን ሰጥቶታል። ጋሽ ኪዳኔ ረጅም፣ ቀጭን፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ኮፍያቸውን የማያወልቁ ጡረተኛ ናቸው። ዕቃውን ይነካሉ፣ ያንኳኳሉ፣ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከዚያ ፍርዱ ይወርዳል። «አይናገርም!» ይግባኝ የለውም።

ይህችን ቃል ከማንም በላይ የጠገባት ዘርይሁን ነው። ዘርይሁን ከእሳቸው በታች ባለው ፎቅ የሚኖር፣ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በቅርቡ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ መኪና አለው። ብሪክስተን ገበያ ሐብሐብ ልግዛ ብሎ ይዟቸው የሄደ ዕለት፣ ጋሽ ኪዳኔ ክምሩን እያነሱ በጣታቸው ሲያንኳኩ፣ ጆሯቸውን ሲለጥፉ፣ ሻጩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ራሱም አብሯቸው ማንኳኳት ጀመረ። አልጋ ሊያስመርጡት የሄዱ ዕለት ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው ጋደም አሉና እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። ሲያንኮራፉ የሱቁ ሠራተኛ ሁሉ ተሰበሰበ። ነቁ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ «አይናገርም!» አሉ።

ልጃቸው ዲና እጮኛዋን ይዛ የመጣች ዕለትማ፣ ልጁን ጨብጠው ወደ ወጥ ቤት ገቡና ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አልታየሽ «ይሄ ልጅ አይናገርም» ብለው ሹክ አሏቸው። ምስኪኑ በፍርሃት ምላሱ ተሳስሮ ነበር። ዛሬ እሱ ካልመጣ የእሁድ ምሳ አይቀምሱም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው የዓሳ ማጥመጃ ዘንግ ልግዛ ያለ ቀን ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቡት!

ጋሽ ኪዳኔ ያደጉት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። የመጀመሪያ ዘንጋቸው ሸምበቆ ነበር። አባታቸው የልጅ ዐይናቸውን በነጠላ ሸፍነው ሸምበቆውን ያስይዟቸው ነበር አሉ። «ዓሳው ያለው ቄጠማው ውስጥ ነው፤ ዐይንህ አያየውም፤ እጅህ ይስማ» ይሏቸዋል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሳ ያንኳኳል። አምባዛ ይጎትታል። ሣር ዝም ብሎ ይይዛል። ልጁ ዐይኑ እንደተሸፈነ «ቆሮሶ ነው!» ብሎ ሲጮኽና ልክ ሲሆን አባት ራሱን ይስሙት ነበር። ጋሽ ኪዳኔ ይህን ሲያወሩ ያንን ከንፈር አሁንም ራሳቸው ላይ የሚፈልጉት ይመስል ኮፍያቸውን ይነካካሉ። ዘርይሁን ወሬውን በቃሉ ያውቀዋል፤ ግን እዚህች ላይ ሲደርሱ አንድም ቀን አቋርጧቸው አያውቅም።

ለንደን ከገቡ ወዲህ ዝዋያቸው የክላፋም ኩሬ ሆነ። ሌላው አጥማጅ መንጠቆውን ራቅ አድርጎ ጠራ ወዳለው ውሃ ይወረውራል። እሳቸው ግን ሣሩና የውሃ አበባው ቅጠል ጥቅጥቅ ወዳለበት ይጠጋሉ፤ ከቅጠሎቹ መሃል የሳህን ያህል ክፍተት ይመርጡና ክሩን ከታች ወዘወዝ አድርገው ትሉን ጠብ ያደርጉታል። «ዓሳም እንደ ሰው ነው፤ ጥላ ይወዳል» ይላሉ። የያዙትን መልሰው ይለቃሉ፤ የኩሬው ደንብ ነው። ወይዘሮ አልታየሽ «ባሌ ዓሳ አጥማጅ ነው፤ ዓሳ ግን የምገዛው ከሱቅ ነው» እያሉ ለሰው ሁሉ አቤቱታ ያሰማሉ።

የዘንድሮ ጸደይ ላይ አንድ ወፍራም ዓሳ ከሣሩ ጋር ተጠምጥሞ ሲታገላቸው ለዓመታት ሲያጠምዱበት የኖሩት ዘንግ ጧ ብሎ ተሰበረ። የዘርይሁን ቅዳሜዎች ያን ቀን አከተሙ።

«የምፈልገው ዘንግ» አሉት ጋሽ ኪዳኔ፣ «ወገቡ የበሬ፣ ጆሮው የድመት የሆነ ነው። ዓሳውን ከነሣሩ ጎትቶ ያወጣል፤ ዓሳው ትሏን ሲነካካ ደግሞ ይነግረኛል።»

አመራረጡም የራሱ ሥርዓት አለው። ጋሽ ኪዳኔ እጀታውን ይዘው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ዘርይሁን ጫፉን ጉሮሮው ላይ አስደግፎ ያወራል። ጥሩ ዘንግ የጉሮሮን ንዝረት እስከ እጅ ያደርሳል። እናም ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ፈረንጅ እያየው፣ በዘንግ እንደተወጋ ሰው አንገቱን አቅንቶ ይቆምና «ሰላም ነህ ወይ? ሰላም ነህ ወይ?» ይላል።

«አይናገርም!»

ሌላ ዘንግ። «ሰላም ነህ ወይ?» «አይናገርም!» ሌላ ሱቅ፣ ሌላ ቅዳሜ። በጋው ሊያልቅ ነው። ወይዘሮ አልታየሽ «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ! እንደው አንተ ዘርይሁን፣ እንጨት ቆርጠህ ስጣቸውና ይረፉ» አሉት።

አንድ ቅዳሜ ብሪክስተን ሻይ ሊጠጡ ተቀመጡ። ዘርይሁን የወረቀት ስኒውን ሲነካ «ወይኔ እጄን!» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ለቀቀው። ጋሽ ኪዳኔ የራሳቸውን በሙሉ መዳፋቸው ጨብጠው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

«አይፋጅዎትም እንዴ?»

«የዝዋይ እጅ ነው!» አሉ ኮራ ብለው። ዘርይሁን ሳቀና ረሳው።

ከዚያ ክላፋም ሄዱ። ባለሱቁ ቀይ ጢም ያለው ሰውዬ ነው፤ ገና ሲገቡ ተነፈሰና መጋዘን ገብቶ ጥቁር ዘንግ አወጣ። ከዚህ የተሻለ የለኝም፣ ይሄም ካልሆነ እኔም አላውቅም አላቸው። ዘርይሁን ጉሮሮውን ሰጠ። ሰላምታውን አቀረበ።

«አይናገርም» አሉ ጋሽ ኪዳኔ። ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

የዘርይሁን ትዕግሥት አለቀ። «እስቲ ይስጡኝ! ዛሬስ እኔ ልያዘው፤ እርስዎ ያውሩ!»

ጋሽ ኪዳኔ እያመነቱ ጫፉን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ። «ምን ልበል?» አሉ። ይህቺው «ምን ልበል» የዘርይሁንን ጣቶች ነዘረቻቸው፤ እስከ ክርኑ ወጣች። ዓሳ ነክቶ የማያውቅ ሰው ፀጉሩ ቆመ።

«ኧረ ይናገራል! ጋሽ ኪዳኔ፣ ይሄ እኮ ይለፈልፋል!»

ጋሽ ኪዳኔ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ያዩታል። ዘርይሁንም አየው፤ ጣቶቻቸው ላይ ሻዩ ያቃጠለው ውሃ ቋጥሯል። ያኔ ሁሉም ነገር ገባው።

«እጄ ነው ዘርይሁን» አሉ። «ዘንጎቹ ምን አደረጉ። ነርቭ ነው፣ አይመለስም አሉኝ ሐኪሞቹ። ግራውም ጀማምሮታል። በጣም የሚሰማ ዘንግ ባገኝ ምናልባት... ብዬ ነው። ለአልታየሽ እንዳትነግር፤ ውሃ ዳር አታስደርሰኝም።»

ዘርይሁን ጎበዝ ተናጋሪ አይደለም። ወደ ባለሱቁ ዞረና «ይሄን ጠቅልልልን» አለ።

«ለማን?» አሉ ጋሽ ኪዳኔ።

«ለእኛ።»

ክላፋም ኩሬው ዳር ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልወረደችም። ጋሽ ኪዳኔ ክፍተቱን መረጡ፤ ክንዳቸው የሚያውቀውን አልረሳም፤ ትሉ ከቅጠሎቹ መሃል ጠብ አለ። ከዚያ ዘንጉን ለዘርይሁን አቀበሉትና አጠገቡ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ዐይኑ ላይ ደፉበት።

«ምን አለ?»

«ምንም።»

«ጠብቅ። አሁንስ?»

«የሆነ ነገር ያዘው። ዝም ብሎ ያዘው።»

«ሣር ነው። ቀስ ብለህ አንሳና መልሰህ ጣለው።»

በቅጠሉ ላይ ዝንብ ይዞራል። ጋሽ ኪዳኔ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ድንገት ከዚያ ከማይታየው ጨለማ ውስጥ በዘርይሁን መዳፍ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል መጣ።

«አንኳኳ! ጋሽ ኪዳኔ፣ ኧረ አንኳኳ!»

«ቀጥ አድርገህ ሳበው! አትልቀቅለት!»

ከሣሩ ጋር ተሳቦ የወጣው አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ቴንች የሚባል ዓሳ ነበር። ጋሽ ኪዳኔ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አገላብጠው አይተው፣ መልሰው ወደ ውሃው አስገቡት። ውሃው እስኪረጋ አዩት። ከዚያ ቀና ሳይሉ ጠየቁ።

«ሲያንኳኳ... ምን ይላል?»

ዘርይሁን ኮፍያውን ከዐይኑ ላይ አንስቶ መላጣቸው ላይ አደረገላቸው።

«ሰላም ነዎት ወይ ይላል፣ ጋሽ ኪዳኔ።»