ፊልም ቀማሹ ወልደገብርኤል

በየቤተሰቡ ሁሉን ነገር ቀድሞ ካልቀመሰ ሌላው እንዲነካው የማይፈቅድ አንድ ሰው አይጠፋም። ድሮ በትልልቅ ሰዎች ግብር ላይ አሳላፊው ጠጁን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለጌታው አያቀርብም ነበር ይባላል። ሹመቱ ቀርቷል፣ ሹመኞቹ ግን አሉ። ሾርባውን ቀድመው የሚፉት፣ በረዶ የያዘውን ደረጃ ቀድመው በጫማቸው የሚዳስሱት፣ አሳንሰር ሲከፈት ክንዳቸውን ዘርግተው ቤተሰቡን ከኋላቸው የሚያግዱት እነሱ ናቸው። አሜሪካ፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርታማ የሚኖረው ወልደገብርኤል ከነዚህ አንዱ ነበር። የእሱ ሹመት ደግሞ በፊልም ላይ ነበር።

ወልደገብርኤል ከአየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ የቫን ሾፌር ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። በውሽንፍር መሀል ቫኑ ሲንሸራተት እንኳ ፊቱ ስለማይለወጥ፣ የተሳፈሩት ሰዎች እሱን አይተው ይረጋጋሉ። ሰዉ እንደ መናፍስት ለብሶ ሃሎዊንን የሚያከብርበት ኦክቶበር ሲገባ ግን ይህ ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። ኔትፍሊክሱ ሲከፈት ስክሪኑ በሚስቅ ዱባ፣ በሚደንስ አጽምና በነጭ አንሶላ ይሞላል። በሁሉም ሥር «ለቤተሰብ» የሚል ተጽፏል። ዴንቨር የተወለደችው ልጁ ፀዳል አንዱን መርጣ «ይሄንን እንይ» ስትል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልየው።»

ምርመራው የሚካሄደው ፀሐይ ሳለች ነው። ክቡር መርማሪው ከሥራ ሲገባ መጋረጃውን እስከ ጥግ ይገልጣል፣ የኮሪደሩን በር ገርበብ ያደርጋል፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይቀንሳል። አይቀመጥም። ሪሞቱን እንደ ሽጉጥ ደግኖ፣ ቆሞ ነው የሚያየው። ስክሪኑ ጨለም ሲል ወደፊት ያስሮጠዋል። እንዲህ ተሯሩጦ ያየውን ፊልም ማታ ለቤተሰቡ ፍርድ ይሰጥበታል። ደግ መንፈስ ያለበት ፊልም ወደቀ፤ «መንፈስ ደግ ሲሆን ነው የሚያሰጋው» ብሎ። የሚስቀው ዱባም ወደቀ፣ ሳቁ ስላላማረው። ያለፈው አንድ ብቻ ነበር፦ አንሶላ ለብሶ የሚጮህ ውሻ ያለበት ፊልም። ፀዳል ያንን ውሻ በየዓመቱ እያየች ጩኸቱን በቃሏ ይዛዋለች።

ሚስቱ ሮማነወርቅ አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ቆሞ አገኘችው።

«ዱባ ነው የፈራኸው?»

«እኔ ምን እፈራለሁ። ለልጅቷ ብዬ ነው።»

ጎረቤታቸው ጋሽ ኣፍሮም፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ ሽማግሌ፣ ይህንን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ በደርግ ዘመን ሳንሱር አይቻለሁ። እሱም ቢሆን ዱባ አልከለከለም» አሉት። ወልደገብርኤል አብሯቸው ሳቀ። በማግስቱ ግን አንዲት ትንሽ ጠንቋይ በመጥረጊያ ስትበር አይቶ እሷንም ከለከለ።

ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረው። ልጅ ሳለ ናዝሬት፣ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ባለች ቪዲዮ ቤት፣ ከታላላቅ ወንድሞቹ ጋር ሾልኮ ገብቶ አንድ ፊልም አይቶ ነበር። ከጉድጓድ ውስጥ እጅ ይወጣል። ሌላውን አያስታውሰውም። ከዚያ ወዲያ ግን ሲመሽ ጓሮ ሽንት ቤት መሄድ አልቻለም፤ እስኪነጋ ይዞ ይቆይ ነበር። ወንድሞቹ ስም አወጡለት፣ ስሙም ሰፈሩን ዞረ። ጎልማሳ ሆኖ፣ አግብቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ እንኳ ያ እጅ አልለቀቀውም። ልጄን ከዚያ እጅ ነው የምጠብቃት ብሎ ከልቡ ያምን ነበር።

በ2016 ከሃሎዊን በፊት በነበረው ቅዳሜ ታላቅ የአክስቱ ልጅ እትዬ አያልነሽ ከቶርንተን ደወሉ። እዚያ የሚኖሩት ሰፊ፣ ከሥሩ ቤዝመንት የሚሉት ምድር ቤት ያለው ቤት ውስጥ ነው።

«የልጅ ልጆቼ ተሰብስበው ፊልም ሊያዩ ነው። ፀዳልን አምጣት።»

«ምን ፊልም ነው እትዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ቀጸላ ናት የምትመርጠው። አንተ ከፈለግህ እዚያው ቤትህ አረፍ በል።»

ቀጸላ ከልጅ ልጆቹ ትልቋ፣ ኮረዳነት የጀማመራት ልጅ ናት። የእሷ ምርጫ በማንም አልተመረመረም። ወልደገብርኤል ልብሱን ለበሰ።

መንገድ ላይ ፀዳል የድመት ጆሮ አጥልቃ ከኋላ ተቀምጣለች።

«ዳዲ፣ ዛሬ ፊልሙን ፖዝ እያደረግህ አታቆምም፣ ኦኬ?»

«እስቲ እናያለን።»

«ፕሮሚስ አድርግ።»

ወልደገብርኤል መንገዱን አየ። ቃል አልገባም።

ሲደርሱ መሽቶ ነበር። ልጆቹ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ፈንድሻ ይዘዋል። ቀጸላ መብራቱን አጠፋች። ወልደገብርኤል ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና እጁ በትራሶቹ መሀል ሪሞቱን ፈልጎ አገኘ።

ፊልሙ አንዲት ልጅ ወደ አሮጌ ቤት ስትገባ ይጀምራል። በመጀመሪያው ምሽት ከቤዝመንቱ ግድግዳ ውስጥ የሆነ ነገር ያንኳኳል። ልጅቷ ደረጃውን ትወርዳለች። ሙዚቃው ተቋረጠ፣ የእግሯ ድምፅ ብቻ ቀረ። በሩ ከኋላዋ ቀስ ብሎ መዘጋት ሲጀምር የወልደገብርኤል አውራ ጣት ራሱን ችሎ ተንቀሳቀሰ። ስክሪኑ ቆመ።

«ውሃ ጠጡ» አለ።

ልጆቹ አጉረመረሙ። ፊልሙ ቀጠለ፣ ግድግዳው እንደገና ተንኳኳ፣ እሱም እንደገና አቆመው። «ሽንት ቤት የሚሄድ አለ?» ማንም አልነበረም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያቆመው ቀጸላ ዞር አለች።

«የፀዳል ዳድ ኢዝ ስኬርድ። ፈርቷል!»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ወልደገብርኤል ያንን ሳቅ ያውቀዋል፤ የናዝሬት ሳቅ ነው። ፊቱ ጋለ፣ አፉም ከአእምሮው ቀደመ።

«እኔ አይደለሁም። ፀዳል ናት። ትባንናለች፣ ብቻዋን መተኛት አትችልም።»

ሳቁ ወደ እሷ ዞረ። ፀዳል አንዴም ባንና አታውቅም። አባቷን ቀና ብላ አየችው። የፈንድሻውን ሳህን አስቀምጣ ከክፍሉ ወጣች።

ልነሳ አለና ተወው። ይቅርታ መጠየቅ ማለት እውነቱን መናገር ነው። ትመለሳለች ብሎ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ እያፈጠጠ ምንም አላየም፤ ከዚያ በኋላ ሪሞቱንም አልነካም። ጆሮው በሩ ላይ ነበር። ፊልሙ ገፋ፣ ፀዳል አልተመለሰችም።

ሽንት ቤቱን አየ፣ ባዶ ነው። ወጥ ቤት እትዬ አያልነሽ ፖም እየቆረጡ ነበር።

«እትዬ፣ ፀዳል እዚህ መጥታ ነበር?»

«አልመጣችም። ምነው?»

ጃኬቷ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል። የፊት በሩ አልተቆለፈም። ውጭው ብርድ ነው፤ ያለ ጃኬት ወጥታ ይሆን? ጃኬቷን ነጥቆ ወጣ። በየበረንዳው በውስጣቸው መብራት የበራባቸው ዱባዎች ተደርድረው ጥርሳቸውን ያሳያሉ። እስከ መታጠፊያው ሮጠ። «ፀዳል» ብሎ ተጣራ። አንድ መኪና ቀስ ብሎ አልፎት ሄደ። በመስኮቱ ውስጥ ማን እንዳለ ለማየት ሞከረ፣ አልቻለም።

ተመልሶ ሲገባ እትዬ አያልነሽ ፊልሙን አስቁመው ልጆቹን እየጠየቁ ነበር። ማንም አላያትም። ቤቱ ጸጥ አለ። ያኔ ከወለሉ ሥር ተንኳኳ።

ልጆቹ አንዱ ሌላው ላይ ተለጠፉ። ቀጸላ እንኳ አፏን በእጇ ያዘች። እንደገና ተንኳኳ፣ ከታች፣ ከሩቅ።

«በስመ አብ» አሉ እትዬ አያልነሽ። ወዲያው ነቃ አሉ። «የታችኛው ዕቃ ቤት ነው። እጀታው ከውስጥ ወልቋል፣ አንዴ ከተዘጋ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። አምፖሉም ተቃጥሏል። ቆይ፣ ባትሪ ላምጣ።»

ባትሪውን መፈለግ ጀመሩ፣ መሳቢያ ከፈቱ፣ ሌላ መሳቢያ ከፈቱ። ወልደገብርኤል የቤዝመንቱን በር ከፍቶ ቆመ። ደረጃው ጥቂት ይታይና ጥቁር ውስጥ ይገባል። ቀዝቃዛ አየር ፊቱን ነካው። አገር ያወቀው ደፋር ሾፌር እንደ ሕፃን የበሩን መቃን ጨብጦ ቆመ። ከታች ያ ማንኳኳት መጣ፣ አሁን ቀስ ያለ፣ የደከመ።

ወረደ። በአንድ እጁ ግድግዳውን፣ በሌላው ጃኬቷን ይዞ ወረደ። ከደረጃው በታች ጨለማው ፊቱ ድረስ መጣ። የናዝሬቱ እጅ ከየትኛው በኩል እንደሚመጣ እየጠበቀ፣ እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ ሄደ።

«ዳዲ?» አለ ከበሩ ሳንቃ ጀርባ ያለ ድምፅ። «አንተ ነህ?»

«አለሁ።» ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

እጀታውን ዳብሶ አገኘው፣ አዞረው። ፀዳል እዚያው ደጃፉ ላይ ነበረች። ጃኬቱን ሊያለብሳት ሞከረ፣ እጅጌውን ግን ደጋግሞ ሳተው። እሷ ራሷ ለበሰችው። ከዚያ እጁን ያዘችው።

«እንደማልፈራ ላሳያቸው ነበር» አለች። «ጨለማ ውስጥ ልቀመጥ። በሩ ተዘጋብኝ። ስጮህ ፊልሙ ይጮሃል።» እጁን ጠበቅ አደረገችው። «ዳዲ፣ ፈራህ እንዴ?»

ለአንቺ ነው ሊል ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«አዎ» አለ። «ላይም ሳለን የፈራሁት እኔ ነኝ። በአንቺ ላይ ያላከክሁት አፍሬ ነው። ይቅር በዪኝ።»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«እንደምትፈራ። ከድሮ ጀምሮ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሁሉንም አይቻቸዋለሁ፣ ፓርክ ሂል ሰፈር፣ ጓደኛዬ ቤት። ይሄንንም አይቼዋለሁ። ከባድ የሆኑትን ላንተ አልመርጥም። ዱባው ኢዚ፣ ቀላል መስሎኝ ነበር፣ ሶሪ። ይሄን ግን ቀጸላ ናት የመረጠችው፣ ምን ላድርግ።»

ወልደገብርኤል ጨለማው ውስጥ ቆሞ ያለፉትን ኦክቶበሮች አሰባቸው። እሱ ለእሷ ሲመረምር፣ እሷ ለእሱ ስትመርጥ ኖራለች። ከላይ የእትዬ አያልነሽ ባትሪ ደረጃው ላይ በራ።

«ምን ትሠራላችሁ እዚያ?»

«እየመጣን ነው እትዬ» አለ።

ሳሎን ሲገባ አልተቀመጠም። «ቅድም የተናገርኩት ውሸት ነው» አላቸው ልጆቹን። «ፀዳል አትባንንም። የምፈራው እኔ ነኝ።» ማንም አልሳቀም። ቀጸላ ከተቀመጠችበት ፈቀቅ ብላ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችለት። ያ ትልቅ ሰውዬ እግሩን አጥፎ በልጆቹ መሀል ተቀመጠ፣ ሪሞቱንም ለቀጸላ ሰጣት።

ፊልሙ ቀጠለ። ፀዳል ጆሮው ላይ ተጠግታ በሹክሹክታ ቀድማ ትነግረዋለች። «አሁን በሩ ይከፈታል፣ ምንም የለም። አሁን ጥላ ይመጣል፣ ድመት ነው። አሁን ካስፈለገህ ዓይንህን ጨፍን።» አንዴ ጨፈነ፣ ሌላውን ግን አየው። መጨረሻ ላይ ከግድግዳው ውስጥ ስታንኳኳ የነበረችው እናቷ እንድትመጣ ብዙ ዘመን የጠበቀች ሌላ ትንሽ ልጅ መሆኗ ታወቀ። ማንንም ልታስፈራራ አልነበረም፤ የሚከፍትላት ፈልጋ ነው። እናቲቱ መጥታ ስትከፍት ወልደገብርኤል ጉንጩ ላይ ዕንባ ሲወርድ ተሰማው።

«ይሄንንስ አልነገርሽኝም» አላት በሹክሹክታ።

«አያስፈራም እኮ። ሳድ፣ የሚያሳዝን ነው እንጂ» አለች ፀዳል። «እኔም መጀመሪያ ሳየው አልቅሻለሁ። ጓደኛዬ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፣ ብቻዬን ነው ያየሁት።»

ወልደገብርኤል ክንዱን አዙሮ ወደ ደረቱ አስጠጋት። ስክሪኑ ላይ ስሞች መውረድ ጀመሩ። እትዬ አያልነሽ ከሶፋው ተነስተው ወደ ማብሪያው ሲሄዱ ሰማ።

«እትዬ» አላቸው ፀዳልን እንዳቀፈ፣ «መብራቱን ትንሽ ቆይተው ያብሩት።»